የቀረ አቧራ

ጋሽ ወልውል የሚለውን ስም ያወጣለት የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያው ዘበኛ ነው፤ የሥራውን ይስጠው። ጋሽ ወልውል በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ መስታወት ወልውሎ አያውቅም። መስታወት አይወለወልማ! በሌላው ሰው ቤት ያለው ምን እንደሚደረግ እንጃ፣ የእሱ መስታወት ግን አይወለወልም። በጣቢያው፣ በትልቁ ቴሌስኮፕ ሆድ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ፣ ወርዱ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት የሚያክል መስታወት ነው። እሱን በጨርቅ የሚፈትግ ሰው ቢገኝ ጋሽ ወልውል ከነጨርቁ ከደረጃው ላይ ይወረውረው ነበር።

"ይታጠባል እንጂ አይወለወልም!" ይላል፣ ጠያቂ ኖረም አልኖረም። "መጀመሪያ በንፋስ እፍ ይባላል። ከዚያ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ የረጠበ ጥጥ ይነጠፍበትና ሳይጫኑት፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከመሃል ወደ ዳር ይጎተታል። አንድ ጥጥ አንዴ ብቻ! ሁለተኛ የነካ ጥጥ ጠላት ነው።"

ዘበኛው ይህን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "ታዲያ መወልወል ማለት ይሄ አይደል እንዴ ጋሼ?" አለው። በዚያው ስሙ ጸደቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ሠርቷል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት በቴሌስኮፑ አንድም ኮከብ አላየም። ከዋክብቱ ሥራ ሲገቡ እሱ ይወጣል፤ ሳይተዋወቁ አብረው አረጁ። ቅርም አይለው። "የእኔ ጉዳይ ከመስታወቱ ጋር ነው" ይላል፤ "መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የሌላ ሰው ሥራ ነው።"

መስታወቱ የሚታጠበው በስንት ወር አንዴ ቢሆንም፣ ጋሽ ወልውል አርብ አርብ መሰላሉን ወጥቶ፣ በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራ፣ ትንፋሹን ውጦ ይፈትሸዋል። ከዚያ መዝገቡን ያወጣል። መዝገቡ ላይ ቀን ይጻፋል፣ ጥጥ ከነበረ የጥጡ ብዛት ይጻፋል፣ መጨረሻ ላይ "የቀረ አቧራ" የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ዓምድ ውስጥ ጋሽ ወልውል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ሲጽፍ ኖሯል፤ "የለም።" ሥሩ ኃላፊው ይፈርማል። መዝገቡ የሚጻፈው በእስክሪብቶ ነው፤ አይሰረዝም፣ አይፋቅም፣ ገጹ አይቀደድም።

እንግዲህ ጡረታ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ሲገልጠው ባለፈው አርብ ከጻፈው "የለም" ሥር በቀይ ቀለም ተጽፎ አገኘ። "አለ። መስታወቱ በአግባቡ አልጸዳም።" የኃላፊው የዶክተሩ ፊርማ አለበት።

ሦስት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ አጠበና አራተኛ አነበበው። ከዚያ ባልዲውን ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ወይ ጉድ! ሌላው ቢቀር፣ ሰነፍ ነህ ቢሉት፣ አርጅተሃል ቢሉት፣ ምንም አይደል። አቧራ? እሱ? በሱ ቦታ የሚተካው ሰው መዝገቡን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያነበው ይህችን ቀይ መስመር ነው። ከሺህ ስድስት መቶ "የለም" በኋላ፣ የመጨረሻው ቃል "አለ" ሆኖ ሊቀር ነው።

መዝገቡን በብብቱ ይዞ ዶክተሩ ቢሮ ገባ። ዶክተሩ የጣቢያው ኃላፊ ነው፣ ከመጣ ገና ሦስተኛ ዓመቱ። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ፣ ሰው ከነገረው ይልቅ ኮምፒውተር የነገረውን ያምናል፤ እንዴት አደርክ ብትለው እንኳ ስክሪኑን አይቶ ነው የሚመልስልህ።

"ዶክተር፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አዝናለሁ ጋሼ" አለ ዶክተሩ፣ ስክሪኑን ወደ እሱ እያዞረ። "ይህን ኮከብ ይመልከቱት። ሕፃን ኮከብ ነው። አንድ ቀን ደብዘዝ ይላል፣ ሁለት ቀን ደህና ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን ጭልም ሊል ይደርሳል፣ ከዚያ አምስት ቀን ሰላም። ሰዓት ጠብቆ ቢደበዝዝ ፕላኔት በፊቱ አለፈ እንል ነበር። ይሄ ግን ሥርዓት የለውም።"

"የኮከቡ ጠባይ ነዋ! እኔን ምን አገባኝ?"

"ከኮከብ በፊት መሣሪያ ይጠረጠራል። መስታወቱ ላይ አቧራ አለ።"

"አቧራ ሰኞ መጥቶ ማክሰኞ ይሄዳል? ቀጠሮ አለው?"

"ንፋስ ያመጣዋል፣ ንፋስ ይወስደዋል።"

"ዶክተር፣ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ተነስቶ የሄደልኝ አቧራ አንድም አላየሁም። ቢኖር ኖሮ እኔን ለምን ትቀጥሩኝ ነበር?"

ዶክተሩ እንደ ልማዱ ስክሪኑን ተመለከተ። ስክሪኑም ዝም አለ።

"እሺ፣ ቢያንስ ይህችን መስመር ያጥፉልኝ። አርብ እወጣለሁ።"

"መዝገቡ አይሰረዝም ጋሼ። ደንቡን ያወጡት እኮ እርስዎ ነዎት።"

እውነቱን ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ አንድ ረዳት የጥጥ ብዛት ፍቆ ሲያስተካክል ይዞት፣ ጣቢያውን በጩኸት አናውጦ ደንቡን ያስጻፈው ራሱ ጋሽ ወልውል ነበር። መዝገቡን መልሶ በብብቱ ይዞ ወጣ።

ያን ቀን መስታወቱን አጠበው። መታጠብ እንደሌለበት እያወቀ፣ "ይኸው በቃችሁ!" ለማለት ብቻ አጠበው። ኮፍያውን አደረገ፣ ጭምብሉን አደረገ፣ ሰዓቱንና የጋብቻ ቀለበቱን ፈቶ ኪሱ ከተተ፤ መቶ አርባ ጥጥ ጨረሰ። ሲጨርስ በባትሪው ከአራት በኩል ፈተሸው። አንዲት ነጥብ የለችም። "የለም" ብሎ ጻፈ፣ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪወጋው እየተጫነ።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተሩ በሩ ላይ ጠበቀው።

"ጋሼ፣ ባሰበት!"

"ምኑ?"

"ኮከቡ! ከታጠበ ወዲህ ብርሃኑ በግማሽ ወረደ። እንዲህ ወርዶ አያውቅም።" እያዘነ፣ እውነት እያዘነ፣ መዝገቡ ላይ ሁለተኛ ቀይ መስመር ጨመረ፤ "ከታጠበ በኋላ ብሶበታል።"

እንግዲህ ይህን ምን ይሉታል? ሳያጥብ ተከሰሰ፣ አጥቦም ተከሰሰ። ጋሽ ወልውል ምሳውን ሳይነካ ዋለ፤ ዘበኛው እንኳ ፊቱን አይቶ በስሙ ሊጠራው አልደፈረም።

ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንደወትሮዋ በመስኮቱ ሥር፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇም አፏም አያርፍም።

"መጣህ? ደግ አደረግህ። እስቲ ይህን ክር አስገባልኝ፣ ዓይኔ እንቢ አለኝ።"

"ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"ዓይኔማ ደህና ነው! ብርሃን ነው የጠፋው። ይህ መስኮት ውሃ ካየ ስንት ጊዜው ነው? ባሌ የሰማይ መስታወት አጣቢ ነው ብዬ ለሰው ማውራት እኮ ተውኩ። ያ ጥጥህ እዚህ ሰፈር አይደርስም?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ተዪኝ። ስሜን በቁሜ ቀብረውታል።" እና የሆዱን ሁሉ ዘረገፈላት፤ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ መቶ አርባው ጥጥ።

ሚስቱ የሰማችው እየሰፋች ነው። ሲጨርስ፣ "አይዞህ" አለችና በመቀሷ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። "አንተ በሌለ አቧራ ተከሰስክ፤ እኔ ባለው አቧራ ታወርኩ። ይኸው የዳቦ ቤቱ ጽሑፍ አይነበብልኝም።"

"ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው የደበዘዘብሽ?" አላት፣ ለማለት ያህል።

"ምን ዳቦ ቤቱ ብቻ! ምሰሶውም፣ አጥሩም፣ ያቺ ነገረኛ ጎረቤቴም፣ ሁሉም አንድ ላይ ነዋ! የቆሸሸ መስኮት ሰው መርጦ ያደበዝዛል?"

ጋሽ ወልውል ክሩን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዳቦ ቤቱን አየ። ምሰሶውን አየ። ነገረኛዋን ጎረቤት አየ፤ እሷም አየችውና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሚስቱን ግንባሯን ሳማት።

"ምን ነካህ? አሞሃል?" አለች ሚስቱ።

"ቅዳሜ መስኮትሽን አጥብልሻለሁ! በስሜ ይሁንብኝ፣ ከመሃል ወደ ዳር!"

"አሁንስ በእርግጥ አሞሃል" አለችና ክሩን ከእጁ ነጥቃ ራሷ አስገባችው።

ሐሙስ ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ጋሽ ወልውል ደጅ ቆሞ ነበር። በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ሄደ። እዚያ ያለችው ባለ ሹራቧ ናት። ለማሽኖቹ ሲባል ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ በጋ ከክረምት እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሹራብ ለብሳ የምትቀመጥ፣ በዚያው ሕፃን ኮከብ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ብቻ ድምጿ ከሹራቡ አይወጣም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "ያ ኮከብ ሲደበዝዝ ጎረቤቶቹስ? እነሱም ደበዘዙ?"

"ጎረቤቶቹ?"

"አጠገቡ ያሉት ከዋክብት። የእኔ መስታወት ከቆሸሸ ሁሉም ነው የሚደበዝዘው። አቧራ ሰው አይመርጥም።"

"እሱንማ ፕሮግራሙ ያየዋል ጋሼ። በየፎቶው ኮከቡን ከጎረቤቶቹ ጋር ያወዳድራል፤ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ እሱ ነው።"

"ፕሮግራሙ ይይ። አንቺ አይተሻቸዋል?"

ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ዞራ መጻፍ ጀመረች። ጣቷ እየፈጠነ ሄደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

"ጋሼ..."

"ምን አለ?"

"የጎረቤት ብዛት፣ ዜሮ ይላል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት የፎቶዎቹ ማስቀመጫ ሊሞላ ሲል ዶክተሩ አንድ ብልሃት ዘየደ፤ ከያንዳንዱ ፎቶ ኮከቡ ያለባትን ጠባብ አራት ማዕዘን ብቻ ቆርጦ እንዲያስቀምጥ ፕሮግራሙን አዘዘው። አራት ማዕዘኗ ከመጥበቧ የተነሳ ጎረቤቶቹ በሙሉ ከአጥር ውጭ ቀሩ። ፕሮግራሙ ደግሞ ታዛዥ ነው፤ "የማወዳድረው ጎረቤት አጣሁ" ብሎ መጮህ ሲገባው፣ ዝም ብሎ ኮከቡን ከትናንቱ ከራሱ ጋር ሲያወዳድር ከረመ።

"ሙሉ ፎቶዎቹስ ተጣሉ?" አለ ጋሽ ወልውል።

"አሮጌው ማሽን ላይ ለዐሥር ቀን ይቆያሉ። የዐሥር ቀኑ አለን!"

አሮጌው ማሽን እያቃሰተ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ልጅቷ የሃያ ሦስት ጎረቤቶችን ብርሃን ለካች። ከመታጠቡ በፊት፣ ከመታጠቡ በኋላ፣ ኮከቡ ሲደበዝዝ፣ ኮከቡ ሲያገግም፣ ሃያ ሦስቱም ዝንፍ አላሉም። እንዲያውም ከሰኞ እጥበት ወዲህ ሁሉም በትንሹ ደምቀዋል። ሕፃኑ ኮከብ ብቻ ነው የሚያጠፋው።

"ንጹሕ ነው!" አለች ባለ ሹራቧ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ ብሎ። "ጋሼ፣ መስታወትዎ ንጹሕ ነው!"

ጋሽ ወልውል ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረግ ጠረግ አደረገ። "ምን... ብናኝ ገባብኝ መሰለኝ።"

"እዚህ ሕንፃ ውስጥ ብናኝ አለ?"

"የለም!" አለ ደንግጦ። "አለቀስኩ እንጂ ምን ብናኝ አለ!"

ሲረጋጋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "በይ አሁን ንገሪኝ። ኮከቡ ምን ሆኖ ነው?"

"እንግዲህ..." አለች ልጅቷ፣ እጇን ሹራቧ ውስጥ እየሰበሰበች። "አቧራ ነው።"

"እንዴት?! አሁን ንጹሕ ነው አላልሽም?"

"የእኛ አይደለም! የእሱ ነው። ኮከቡ ገና ሕፃን ነው፤ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው።"

"አይ ሕፃን! እግዜር ያሳድገው።"

"ሲወለድ የተረፈው ጋዝና አቧራ ዙሪያውን እንደ ሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ይሽከረከራል። ያ ትሪ ለጥ ያለ አይደለም። የኮከቡ ማግኔት ጠርዙን ይጎትተዋል፣ ያጎብጠዋል፣ አቧራውን ወደ ላይ ያነሳዋል። የተነሳው አቧራ በኮከቡና በእኛ መሃል ሲያልፍ ብርሃኑ ይቀንሳል። ግን ጉብታው አንድ ቀን ትልቅ ነው፣ አንድ ቀን ትንሽ፤ ይፈርስና በሌላ በኩል ይነሳል። ሰዓት የማያከብረው ለዚህ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ስለ ማግኔቱ፣ በግማሽ። የተሰባበረ ትልልቅ ድንጋይ ፍርስራሽ ነው የሚያልፈው የሚሉም አሉ። ባንዱ ኮከብ አንዱ፣ በሌላው ሌላው ሊሆን ይችላል። አቧራ ስለመሆኑ ግን ብዙም አይከራከሩም። ይህን ዶክተሩም ያውቃል እኮ፤ ብቻ መጀመሪያ መስታወቱን አለ።"

ጋሽ ወልውል አገጩን አሻሸ። "ይሄ ኮከብ ምን ያህል ይርቃል?"

"ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ አራት መቶ ዓመት ይፈጅበታል።"

"ቆይ፣ ቆይ። ይህ ማክሰኞ ዕለት የደበዘዘው፣ አቧራው ያለፈው የዛሬ አራት መቶ ዓመት ነው?"

"አዎ።"

"እና የዛሬ አራት መቶ ዓመት ለተነሳ አቧራ ነው ረቡዕ እኔ የተጠየቅሁት!" ጭኑን በጥፊ መታ። ልጅቷ እየሳቀች ሹራቧ ውስጥ ገባች።

"ታዲያ ያንን ማን ያጸዳዋል?" አለ። ሙያ ነውና አላስቻለውም።

"ማንም። እየተጋጨ እየተጣበቀ ጠጠር ይሆናል፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ፕላኔት። እኛ የቆምንባትም እንዲሁ ነው የተሠራችው።"

"ከአቧራ?"

"ከአቧራ።"

ወለሉን አየ። ራሱ ያስወለወለው ወለል ነው። "አንድ ሰው ቀድሞ አጽድቶት ቢሆን ኖሮስ?"

"እኛ አንኖርም ነበር።"

"ኧረ እንኳን ያኔ አልተቀጠርኩ!" አለ ጋሽ ወልውል፣ ከልቡ።

ዶክተሩ የሃያ ሦስቱን ጎረቤቶች ግራፍ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አንድ በአንድ ተመለከተ። ጠባቧን አራት ማዕዘን ሲያይ ደግሞ ጆሮው ቀላ። "ነገ... ነገ እናየዋለን" አለና በሩን ዘጋ። ኮምፒውተሩ እንዲህ አሳፍሮት አያውቅም።

ማታ ራት ላይ ጋሽ ወልውል ለሚስቱ ዓለም ከአቧራ እንደተሠራች ነገራት። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ተመለከተች።

"እንግዲያው እዚህ ሥር ሁለት ሦስት ዓለም አለ" አለች። "ሕዝብ ሳይሰፍርበት መጥረጊያውን አቀብለኝ።"

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ዶክተሩ "እናየዋለን" ነው እንጂ "አርመዋለሁ" አላለም። ቀዩ ቀለም እንዳለ ነው።

አርብ ደረሰ። ጋሽ ወልውል ለመጨረሻ ጊዜ መሰላሉን ወጣ፣ ባትሪውን ከጎን አበራ፣ ትንፋሹን ውጦ ፈተሸ። መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት ተገልብጦ አየው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነጥብ ሲፈልግ ፊቱን ልብ ብሎት አያውቅም። አርጅቷል። "ደህና ሁን እንግዲህ" አለው፤ ለመስታወቱ ይሁን ለፊቱ እሱም አላወቀም።

ወርዶ መዝገቡን ሲከፍት ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። ባለ ሹራቧ ከኋላው ናት፤ ዘበኛው ደግሞ ምንም ባይመለከተውም መጥቷል።

"መዝገቡን ይስጡኝ ጋሼ።"

ዶክተሩ ቆሞ፣ ስክሪን በሌለበት፣ በራሱ እጅ፣ ከቀዮቹ መስመሮች ሥር በሰማያዊ ጻፈ። "አቧራው መስታወቱ ላይ አልነበረም። ስህተቱ የእኔ ነው።" ፈረመ። ከዚያ ቀና ብሎ የጋሽ ወልውልን ዓይን አየና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

"ይቅር ለእግዜር" አለ ጋሽ ወልውል። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። "እርስዎም ጎረቤት አይርሱ።"

ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብሎ የመጨረሻውን መስመር ጀመረ። ቀኑን ጻፈ። የጥጥ ብዛት፣ ምንም። "የቀረ አቧራ" የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርስ እጁ በልማድ "የ" ብሎ ሊጀምር ነበር፤ ግን ቆመ። ዘበኛው አንገቱን አሰገገ። ጋሽ ወልውል ቀስ ብሎ፣ በዚያ ንጹሕ የእጅ ጽሕፈቱ፣ ለሚተካው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈለት።

"አለ። አራት መቶ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ። አይነካ።"

ዶክተሩ አነበበው፣ ደግሞም አነበበው፣ ሥሩ ፈረመ።